የመግቢያ ደብዳቤው ደርሷል፤ ቪዛውስ?

በድሬዳዋም ሆነ በሐረር ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ደብዳቤ የመጣለት ልጅ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ሰፈሩን ያዳርሳል። ዘመድ «እንኳን ደስ አላችሁ» ሊል ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ሻንጣ ላውስህ የሚልም አይጠፋም። ከሦስትና ከአራት ወር በኋላ ልጁ በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ሲታይ ግን «ምነው አልሄደም?» የሚለው ጥያቄ ይነሣል፤ መልሱም «ኤምባሲው ከለከለው» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይዘጋል። ከዚህ ዐረፍተ ነገር በስተጀርባ ያለው አሠራር ግን ብዙዎች እንደሚገምቱት የዕድል ጉዳይ አይደለም፤ ሥርዓትም ምክንያትም አለው።

ጥያቄው የጥቂት ባለጸጋ ቤተሰቦች መሆኑ ቀርቷል። ጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልጁን ወደ ውጭ ስለ መላክ ደፍሮ አስቦ የማያውቅ ወላጅ ጭምር ስለ ቪዛ መጠየቅ ቢጀምር አያስደንቅም።

ዩኒቨርሲቲው ከተቀበለ ቪዛ ለምን ይከለከላል?

ሁለቱን ፈቃዶች የሚሰጡት ሁለት የተለያዩ አካላት ስለሆኑ ነው። የሐረር ጁገል በሮች ሌሊት ይዘጉ በነበሩበት ዘመን በግንቡ ውስጥ የሚኖር ሰው ከውጭ እንግዳ ቢጠራም በሩን የሚከፍተው ጠሪው ሳይሆን የበሩ ጠባቂ ነበር። ጠሪው እንግዳውን የጠራበትን ጉዳይ ያውቃል፤ ጠባቂው ግን የሚፈልገው ሌላ ነው፦ ማን ነህ፣ ምን ይዘሃል፣ መቼ ትወጣለህ። ዩኒቨርሲቲው እንደ ጠሪው ነው፤ የሚመዝነው የትምህርት ውጤትንና የቋንቋ ችሎታን ነው። የቆንስላ ሠራተኛው ደግሞ እንደ ጠባቂው ነው፤ የሚመዝነውም አመልካቹ ራሱን በትክክል ማስተዋወቁን፣ ወጪውን የሚችል ሰው መኖሩን፣ የሚሄደውም በእርግጥ ለመማር መሆኑን ነው። ስለዚህ ጎበዝ ተማሪ ተከልክሎ መካከለኛው ሲያልፍ የተዛባ ፍርድ ይመስላል እንጂ፣ ቆንስላው ፈተና እያረመ አይደለም።

ከቪዛው በኋላም አንድ በር ይቀራል። ቪዛ ማለት ወደ አገሩ ድንበር ሄዶ ለመግባት የመጠየቅ ፈቃድ ነው፤ በአውሮፕላን ማረፊያ የሚቀመጠው የድንበር መኮንን ወረቀቱን እንደገና አይቶ የመግቢያውን ውሳኔ ይሰጣል። ዋና ሰነዶችን በጭነት ሻንጣ ውስጥ መክተት ስሕተት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለቪዛው መሠረት የሚሆነው ሰነድ የትኛው ነው?

«ተቀብለንሃል» የሚለው ደብዳቤ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። በአሜሪካ፣ መንግሥት የውጭ ተማሪ እንዲቀበል የፈቀደለት ትምህርት ቤት አይ-20 የሚባል ቅጽ ያወጣል፤ በቅጹ ላይ የትምህርቱ መጀመሪያና መጨረሻ፣ የዓመቱ ወጪና ገንዘቡን የሚሸፍነው ማን እንደሆነ ይሰፍራል። ተማሪው ከዚያ በኋላ 350 ዶላር የሴቪስ ክፍያ ይከፍላል። ሴቪስ የውጭ ተማሪዎች የሚመዘገቡበት የአገሪቱ መዝገብ ነው። ቀጥሎ ዲኤስ-160 የተባለውን የኢንተርኔት ቅጽ ይሞላል፣ 185 ዶላር የቪዛ ማመልከቻ ክፍያ ይከፍላል፣ ለቃለ መጠይቅም ቀጠሮ ይይዛል። የሴቪስ ክፍያ በውጭ አገር ባለ ዘመድ ካርድ ሊከፈል ይችላል፤ የሚከፍለው የግድ ተማሪው ራሱ መሆን የለበትም። በብሪታኒያ የአይ-20 ቦታ የሚይዘው ካስ የሚባለው የዩኒቨርሲቲው ማረጋገጫ ቁጥር ነው። ለካናዳ ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ አብዛኞቹ የመጀመሪያ ዲግሪ አመልካቾች ከዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ በተጨማሪ የሚማሩበት ክፍለ አገር የሚሰጠውን ማረጋገጫ ማቅረብ አለባቸው።

ስሜ በየወረቀቱ በተለያየ ፊደል ቢጻፍስ?

ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ በእኛ አካባቢ ግን ብዙ ፋይል የሚያጓትተው እሱ ነው። የኢትዮጵያውያን ስም የቤተሰብ ስም የለውም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ተከታትለው ይጻፋሉ። የውጭ አገር ቅጽ ግን «የቤተሰብ ስም» ብሎ አንድ ሳጥን ያስቀምጣል። በትምህርት ቤቱ ትራንስክሪፕት በዚያ ቦታ የአባት ስም፣ በፓስፖርቱ ግን የአያት ስም ከገባ፣ ሁለቱን ወረቀቶች አጠገብ ለአጠገብ የሚያይ የባዕድ አገር ሠራተኛ ሁለት ሰዎች ሊመስሉት ይችላሉ። በዚህ ላይ ከግእዝ ወደ ላቲን ፊደል የሚለወጥበት አንድ ወጥ መንገድ የለም። መሐመድ የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ ከመጀመሪያው «ኤም» ቀጥሎ «ኦ» አግብቶ ይጽፈዋል፣ ሌላው «ዩ»፣ ሦስተኛው «ኤ»፤ መካከለኛውን «ኤም» የሚደግምም የማይደግምም አለ። በሐረር ይህ ስም ለልጅም፣ ለአባትም፣ ለአያትም ሲወጣ የስሕተቱ ዕድል በሦስት ይባዛል።

መፍትሔው ፓስፖርቱን እንደ ቱንቢ መቁጠር ነው፤ ሌላው ግድግዳ የሚስተካከለው በእሱ ነው። ፓስፖርት ገና ያላወጣ ሰው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት የድሬዳዋ ቅርንጫፍ ከመሄዱ በፊት የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ የፋይዳ መታወቂያውና የትምህርት ማስረጃው በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት መጻፋቸውን ቢያይ ይጠቀማል። ፓስፖርቱ አስቀድሞ የወጣ ከሆነ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ትራንስክሪፕቱን በዚያው አጻጻፍ እንዲያዘጋጅ፣ ካልሆነም ሁለቱ ስሞች የአንድ ተማሪ መሆናቸውን በደብዳቤ እንዲገልጽ መጠየቅ ይቻላል።

የልደት ቀን ሌላው ወጥመድ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት አብዛኞቹ ወጣቶች ሲወለዱ አልተመዘገቡም፤ የልደት ምስክር ወረቀታቸው ኋላ፣ አንዳንዴም ከወላጅ ትዝታ ተነሥቶ የተሰጠ ነው። የዘመን አቆጣጠሩ ልዩነት ሲጨመርበት ነገሩ ይወሳሰባል። በአብዛኛው ዓመት መስከረም 1 ቀን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ በየአራት ዓመቱ ግን፣ ጳጉሜ ስድስት ቀን ሲኖራት፣ ወደ ሴፕቴምበር 12 ይሸጋገራል። በሚሊኒየሙ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በትክክል የተወለደችው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው፤ የቸኮለ ጸሐፊ ግን 11 ብሎ ሊያሰፍርላት ይችላል። አንድ ቀን ምን አላት ይባል ይሆናል፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የልደት ቀን ማለት ሁለት ሰው ማለት ነው። የትምህርት ዘመኑም እንዲሁ ነው፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው ዓመት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተገለጸ፣ ተማሪው 12ኛ ክፍልን የጨረሰው ገና በልጅነቱ፣ ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት መስሎ ይታያል።

ሰዓቱንም እዚሁ ላይ ማንሣት ይገባል። የቀጠሮ ወረቀት ላይ 8:30 ተብሎ የተጻፈው በእኛ ከጠዋቱ 2:30 ነው። ከሐረር ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ የደረሰ ሰው ከሰዓት በኋላ በስምንት ተኩል ኤምባሲው በር ላይ ቢገኝ ቀጠሮው ካለፈ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። የጣት አሻራ በአካል የሚሰጥ ስለሆነ፣ ከምሥራቅ የሚሄድ አመልካች ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት አዲስ አበባ መግባቱ እንደ ቅንጦት አይቆጠርም።

የሚያስፈልገው ስንት ገንዘብ ነው፣ በማንስ ስም?

ብዙ ሰው «አካውንት ውስጥ ብዙ ብር ይታይ» በሚል ምክር ይጀምራል። ምክሩ ግማሹ ብቻ እውነት ነው፤ አገሮቹ የሚጠይቁት የገንዘቡን መጠን ብቻ ሳይሆን ባለቤቱን፣ ምንጩንና ዕድሜውን ጭምር ነውና።

ጀርመንን እንውሰድ። በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ ስለሌለ ትምህርቱ በነጻ ነው ይባላል፤ ለቪዛው ግን በነጻ አይደለም። የነጻ ትምህርት ዕድል ወይም ሌላ ተቀባይነት ያለው ዋስትና የሌለው ተማሪ ለአንድ ዓመት መኖሪያ 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ ማስገባት ይጠበቅበታል። ዝግ ሒሳብ አፉ እንደ ጠበበ ጋን ነው፤ ገንዘቡ የተማሪው ራሱ ቢሆንም በየወሩ የሚቀዳው 992 ዩሮ ብቻ ነው፣ ያውም ጀርመን ከገባ በኋላ። በብር ሲሰላ ከአንድ ሚሊዮን በእጅጉ ይበልጣል፤ በዚያ ላይ ብሩ ቢኖር እንኳ ዩሮ ሆኖ መውጣት አለበት። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው በጣም ስለተለወጠ፣ ከዓመታት በፊት የሄደ ዘመድ «እኔ ይህን ያህል ብር በቅቶኛል» የሚለው ስሌት ዛሬ አይሠራም። በውጭ የሚኖር ቤተሰብ ገንዘቡን በተማሪው ስም ማስገባት ስለሚችል ብዙዎች የሚሄዱት በዚህ መንገድ ነው።

ካናዳ ከነሐሴ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ከኩቤክ በቀር ላሉት ክፍለ አገሮች፣ ብቻውን የሚሄድ ተማሪ ከመጀመሪያው ዓመት የትምህርት ክፍያና ከጉዞ ወጪ ውጭ 22,895 የካናዳ ዶላር እንዲያሳይ ትጠይቃለች። በብሪታኒያ ደግሞ ከመጠኑ ይልቅ ጊዜው ያስቸግራል፤ የሚፈለገው ገንዘብ ለ28 ተከታታይ ቀናት ሳይጎድል ሒሳቡ ውስጥ መቀመጥ አለበት፣ አንድ ቀን ቢጎድል ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ሒሳቡም የተማሪው ወይም የወላጁ አለዚያም የሕጋዊ አሳዳጊው መሆን ይኖርበታል። የእኛ አገር ልማድ እዚህ ላይ ከሕጉ ጋር ይጋጫል፤ በድሬዳዋ ልጅ የሚያስተምረው አጎት መሆኑ የተለመደ ነው፣ ለብሪታኒያ ግን የአጎት ሒሳብ የወላጅን ሒሳብ አይተካም። ለአሜሪካ ግን አጎትም፣ አክስትም፣ ሌላ ሰውም ስፖንሰር ሊሆን ይችላል፤ ከተማሪው ጋር ያለው ዝምድና እና የሚያስተምረው ለምን እንደሆነ አሳማኝ ይሁን እንጂ።

የገንዘቡ ምንጭ ለምሥራቅ ኢትዮጵያ ቤተሰብ ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ነው፤ አብዛኛው ሀብት የሚንቀሳቀሰው በጥሬ ገንዘብ ነውና። የመጋላ ሱቅ ባለቤት የዕለት ሽያጩን ባንክ ላያስገባ ይችላል፤ በአወዳይ የጫት ገበያ የምትነግድ እናት ያላት ገንዘብ በዱቤ፣ በዕቃና በእቁብ ተበትኖ ይገኛል። ልጁ ቪዛ ሊጠይቅ ሲል ቤተሰቡ እቁቡን ያነሣል፣ ከዘመድ ይበደራል፣ ሁሉንም በአንድ ሳምንት ባንክ ያስገባል። በሠራተኛው ዓይን ይህ ምን ይመስላል? ለዓመት ሃያ ሺህ ብር ሲንሳፈፍበት የኖረ ሒሳብ በድንገት በሚሊዮን የሚቆጠር ብር ገባበት። ለቪዛ ተብሎ የተበደሩት፣ ነገ የሚመለስ ገንዘብ ነው ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ጥርጣሬውን የሚያስወግደው ገንዘቡን የወለደው ሥራ ነው፦ የታደሰ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የግብር ክሊራንስ፣ የቤት ካርታ፣ የኪራይ ውል፣ እቁብ ከሆነም ሰብሳቢው የፈረመበት ማስረጃ። ስለዚህ ልጁን ከሁለት ዓመት በኋላ ለመላክ የሚያስብ ነጋዴ የዕለት ገቢውን ዛሬ ባንክ ማስገባት ቢጀምር፣ በመጨረሻው ሳምንት ከሚያደርገው ሩጫ ሁሉ ይበልጥበታል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ጫት አንድ ነገር ልጨምር። ጫት በአሜሪካም በብሪታኒያም የተከለከለ ስለሆነ አንዳንድ አመልካች የእናቱን ንግድ ደብቆ «እህል ትሸጣለች» ይላል። በአገራችን በፈቃድ የሚነገድበትና ግብር የሚከፈልበት ሥራ ነው፤ የንግድ ፈቃዱ ጫት እያለ አፍ እህል ሲል ግን በፋይሉ ውስጥ ከነበረው ችግር የባሰ ችግር ይፈጠራል።

«ትመለሳለህ?» የሚለው ጥያቄ ለምን ይነሣል?

በፍርድ ቤት ተከሳሽ ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 214(ቢ) ግን የሚገምተው በተቃራኒው ነው፦ የተማሪ ቪዛ አመልካች ተመላሽ መሆኑን ሠራተኛውን እስኪያሳምን ድረስ በአሜሪካ ሊቀር እንዳሰበ ይቆጠራል። የማስረዳት ሸክሙ የአመልካቹ ነው፤ «ለምን እንደማልመለስ አስረዱኝ» ብሎ መከራከር የማይቻለውም ለዚህ ነው። በካናዳም ውድቅ የሚደረጉ ማመልከቻዎች ብዙ ጊዜ የሚመለሱት «ትምህርቱ ሲያልቅ ከአገር ስለ መውጣትዎ አላሳመኑንም» በሚል ምክንያት ነው።

የ18 ዓመት ወጣት ቤት፣ ትዳርና ሥራ ይዞ አይቀርብም፤ ይህን ሠራተኛውም ያውቃል። ስለዚህ ክብደቱ ወደ ጥናት ዕቅዱ ይዞራል። ይህን ትምህርት ለምን መረጥክ? ለምን በዚህ ዩኒቨርሲቲ? በድሬዳዋ ወይም በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የማይገኝ ምን አለው? ሲያልቅስ ምን ትሠራበታለህ? የአሜሪካው ቃለ መጠይቅ ብዙ ጊዜ የጥቂት ደቂቃዎች ነው፤ ብዙ ወረቀት ሳይታይ የሚያልቅበት ጊዜ አለ። ከወንድም ወይም ከጉዳይ አስፈጻሚ የተሸመደደ መልስ የሚታወቀው ጥያቄው ትንሽ ሲጠመዘዝ ነው። በሎጂስቲክስ ሊማር የሚሄድ ልጅ የድሬዳዋን ደረቅ ወደብና የጂቡቲን የባቡር መስመር አንሥቶ በራሱ አማርኛ አስቦ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛም ቢሆን የሚናገረው፣ «አገሬን ለማገልገል» ከሚለው ቃል በቃል ከተጠና ዐረፍተ ነገር የበለጠ ይታመናል ብዬ አምናለሁ።

«የሦስት ወር ቪዛ» ማለት ሦስት ወር ብቻ መማር ነው?

አይደለም፤ ወሬው ግን ብዙ ወላጅ አስደንግጧል። አሜሪካ ከ2017 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን አብዛኛውን የጊዜያዊ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ፣ ለሦስት ወር ብቻ የሚያገለግል አድርጋዋለች። ቀኑ የሚናገረው በሩን ማንኳኳት የሚቻልበትን ጊዜ ነው፤ የባቡር ትኬት ላይ ያለው ቀን መሳፈሪያውን እንጂ በደረሱበት ከተማ የሚቆዩበትን ጊዜ እንደማይወስን ማለት ነው። ተማሪው ከገባ በኋላ የሚቆይበት ጊዜ የሚወሰነው በመግቢያ መዝገቡና በትምህርቱ ነው። ችግሩ የሚመጣው ለዕረፍት ወይም ለለቅሶ አገር ቤት ሲመለስ ነው፤ ቪዛው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ስለሆነ ለመመለስ አዲስ ማመልከቻ፣ አዲስ ክፍያና አዲስ ቃለ መጠይቅ ይጠብቀዋል። አዲስ ተማሪ ትምህርቱ ከሚጀምርበት ቀን ከ30 ቀን በላይ ቀድሞ መግባት ስለማይፈቀድለትም፣ የአውሮፕላን ትኬት ከመግዛቱ በፊት ሁለቱን ቀኖች አንድ ላይ ማየት ይኖርበታል።

ደላላ ያፋጥናል?

ቅጽ የሚሞላ፣ ቀጠሮ የሚይዝ ጉዳይ አስፈጻሚ ማሠራት ነውር የለበትም። «ቪዛውን አስጨርሳለሁ» የሚል ሰው ግን የሌለውን ይሸጣል፤ ውሳኔው በእጁ አይደለም። የሚያሳስበው ለመርዳት ብሎ የሚያስገባው ወረቀት ነው። ሐሰተኛ የባንክ ስቴትመንት ወይም ትራንስክሪፕት የተገኘበት አመልካች በካናዳ ለአምስት ዓመት ሊታገድ ይችላል፤ በብሪታኒያ ማታለል የተረጋገጠበት እስከ አሥር ዓመት ይከለከላል፤ በአሜሪካ ደግሞ ሆን ተብሎ የቀረበ ሐሰት ዘላቂ እገዳ ያስከትላል። ወረቀቱን ያዘጋጀው ሌላ ቢሆንም ፊርማው የተማሪው ነው። የዲኤስ-160 ቅጽን ሌላ ሰው ቢሞላውም እያንዳንዱን መልስ አንብቦ ማወቅ የአመልካቹ ድርሻ የሚሆነው በዚህ የተነሣ ነው።

ውድቅ ከተደረገስ?

መጀመሪያ የተሰጠውን ወረቀት ማንበብ ያስፈልጋል። በአሜሪካ 221(ጂ) የሚል ወረቀት ተጨማሪ ሰነድ ወይም ማጣራት ይቀራል ማለት ሊሆን ስለሚችል ጉዳዩ ገና አልተዘጋም። 214(ቢ) ከሆነ ይግባኝ የለውም፣ የተከፈለውም አይመለስም፤ ግን በማንኛውም ጊዜ እንደገና ማመልከት ይቻላል። ምንም ሳይለወጥ በማግሥቱ መመለስ ግን ያንኑ መልስ ከመስማት አያልፍም። በብሪታኒያ የተማሪ ቪዛ የተከለከለ ሰው በ28 ቀን ውስጥ ውሳኔው እንዲከለስ መጠየቅ ይችላል። ጀርመን ቀድሞ በኤምባሲው በኩል ይቀርብ የነበረውን የቅሬታ ደብዳቤ ከ2017 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ስላስቀረች፣ የቀረው መንገድ እንደገና ማመልከት ወይም በርሊን በሚገኘው ፍርድ ቤት መክሰስ ነው።

የትምህርት ዘመኑ ካለፈ ለዩኒቨርሲቲው ጽፎ መግቢያውን ወደሚቀጥለው ወቅት ማስተላለፍ ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ዩኒቨርሲቲውም ቀኑ የታደሰ አይ-20 ይልካል። የሴቪስ ክፍያን በተመለከተ፣ ተማሪው በመጀመሪያ ከተከለከለበት ቀን አንሥቶ በ12 ወር ውስጥ ለዚያው ዓይነት ቪዛ ቢያመለክት 350 ዶላሩን ዳግም አይከፍልም። 185 ዶላሩ ግን በየማመልከቻው ይከፈላል።